ቆላ ወርጄ ያዳፈንኳት ማሽን

ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ይፋት ቆላ ወርዳችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትወርዱ፣ ሄጄ የመጣሁትን ልንገራችሁ። አገር አየሁ ብዬ ልኮራ ነበር የሄድኩት፤ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር የሚጽፍልኝ የሰፈራችን መምህር ነው። ገና ከአሁኑ መሳቅ ጀምሯል። ይሳቅ፤ እኔም በሰው ስስቅ ነው የኖርኩ።

የሄድኩት ለልጄ ልጅ ለመቅደስ ብዬ ነው። ሸዋ ሮቢት ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ክፍል ተቀጥራ ለፋሲካ ሳትመጣ ቀረች። በስልክ፣ “ሥራ በዛብኝ እምዬ፣ ማሽኖቹን ለምዘናው ማድረስ አለብኝ” አለችኝ።

“ሳጥን ጠባቂ ሆነሽ ቀረሽ በይኛ!” አልኳት።

ስቃ ዘጋችው። እኔም እሷ ካልወጣች እኔ እወርዳለሁ አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁ። ከመውጣቴ በፊት የልጄን ሚስት ደስታን ጠርቼ ምድጃውን አሳየኋት። እኛ ሰፈር እሳት የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ ይጭራል። እኔ ቤት ግን እሳት ጠፍቶ አያውቅም። ማታ ፍሙን አመድ አልብሼ አዳፍነዋለሁ፣ ጠዋት ስገልጠው ዓይኑን ያፈጣል። ጎረቤቴ ወርቄ በየሁለት ቀኑ ገሏን ይዛ ስትመጣ፣ “ዛሬም እሳትሽ ኮበለለ? ባልሽም እንዲሁ ነበር” እላታለሁ። እሷ ትስቃለች፤ አሁን ሳስበው የምትስቀው እሳቱን ስለምትፈልገው ነው።

“ደስታ፣ እሳቴን አደራ” አልኳት። “ጠፍቶ ባገኘው ውርድ ከራሴ!”

“እሺ እማማ” አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ምላሴን ታውቀዋለች።

ከመንገድ ዳር አውቶቡስ አገኘሁና በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። ጉሙ ከጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ተኝቷል፣ ብርዱ ያንገበግባል። እስከ ደብረ ሲና ድረስ ማንም ምንም አላለኝ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ ሲንጠላጠሉ እንኳ በጣት ስፋት ከፍቼ ቆሎዬን ተቀብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ እየመጣ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ፣ የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ ብሎኛል፣ ኮቱን አወለቀ። ትንሽ ቆይቶ ሹራቡን አወለቀ።

“እማማ፣ እባክዎ መስኮቱን፤ ልንቀቀል ነው እኮ!”

“ንፋስ ሲመታህ ያኔ ትፈልገኛለህ።”

ከኋላ አንዲት ሴት፣ “ተዋቸው፣ በርበሬ ብቻ ነው የቀረን፤ ወጡ ደርሷል” አለች። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

“ቀጥሎ ሱሪህን ልታወልቅ ነው?”

“ካልከፈቱት አዎ!”

ከፈትኩት። አፌንና አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ስቤ እንደ ሬሳ ተቀመጥኩ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ መቅደስ ተቀበለችኝና ባጃጅ የሚሏት ግማሽ መኪና ላይ አሳፈረችኝ። ከስታለች። ዓይኗ ቀልቷል። የተከራየችው ከእትዬ ዘይነባ ግቢ ነው፤ ማንጎ ዛፍ ያለበት፣ ማሾ የተሰጣበት ሰፊ ግቢ። እኛ አገር ሰው በር ዘግቶ እሳት ከቦ ይቀመጣል፤ እዚህ አልጋው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ዛፍ ሥር ነው።

የዘይነባ ልጅ ሀያት አራስ ናት። ልጠይቃት ስገባ ምን አየሁ? ሕፃኑ በስስ ጨርቅ ብቻ፣ እናቲቱ ትከሻዋን ገልጣ፣ ከፊታቸው አንድ ቬንትሌተር ፉ፣ ፉ ይላል።

“በሞትኩት! ዘይነባ፣ አራስ በንፋስ ልትፈጂ ነው?” ብዬ ጮኽኩ።

ዘይነባ ጎኗን ይዛ ሳቀች። “እማማ፣ ወላሂ እዚህ የሚገድለው ንፋሱ አይደለም፣ ሙቀቱ ነው።”

“እኛ አገር አራስ መጋረጃ ውስጥ ነው የምትተኛ። ልጁም እንደ ድንች ተጠቅልሎ።”

“እዚህ ከጠቀለልነውማ እንደ ድንች ይበስላል!”

አላመንኳትም። ነገር ግን ደግ ሴት ናት። በዓለ ሃምሳ ነውና ጾም የለም፤ ዶሮ ልትሠራልኝ አስባ፣ የሷን እርድ እንደማልበላ አውቃ፣ ከአጥር ማዶ ያለውን ክርስቲያን ጎረቤቷን አስጠርታ አስባረከችልኝ። ድስቱንም ከሱ ሚስት ተዋሰች። እሷ ራሷ ከዚያ ዶሮ አልቀመሰችም፤ አጠገቤ ተቀምጣ “ብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን” ስትለኝ አመሸች። እኔ እስላም እንግዳ ቢመጣብኝ ይህን ያህል አስብ ነበር? እንጃ።

ዓርብ መቅደስ መሥሪያ ቤቷ ይዛኝ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በገመድ ከአንዲት ጥግ ካለች ማሽን ጋር ታስረዋል። ያቺ የጥጓ ማሽን የጎን ክዳኗ ወልቆ ሆድ ዕቃዋ ይታያል። ፊቱ ላይ ያለው ሽቦ የወለቀ አሮጌ ቬንትሌተር ሆዷ ላይ ይነፍስባታል።

“እቺ እናቲቱ ናት” አለችኝ መቅደስ።

“ምን ሆና ነው?”

ነገሩን እንደዚህ አስረዳችኝ። ኮምፒውተር የሚሠራበት ፕሮግራም አለው፤ እሱም በየጊዜው ይታደሳል። አዲሱ የሚገኘው ሩቅ፣ ባሕር ማዶ ካለ ማሽን ነው። የኢንተርኔቱ መስመር ደግሞ ቀጭን ነው፤ ሁሉም በየፊናው ልሳብ ካለ ይታነቃል፣ አንዱም አይጠግብም። ድሮ ሲዲ ይዘው ከማሽን ማሽን እየዞሩ ይጭኑ ነበር፤ የመጨረሻው ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያው ያረጃል፣ አንዱ ያለው ሌላው አይኖረውም። መቅደስ ግን ለኃላፊዋ ለጋሽ ኢድሪስ፣ “አንዷ ከሩቅ ታምጣ፣ ሌሎቹ ከሷ ይውሰዱ፤ ያኔ ሁሉም እኩል ይሆናሉ” ብላ ለመነችው። አላመናትም ነበር፤ በስንት ልመና እሺ አለ። ሰኞ መዛኞች ይመጣሉ። ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆኑ ሠልጣኞቹ መመዘን አይችሉም፤ ሌላ ዙር መጠበቅ ነው። እናቲቱ ስንት ቀንና ሌሊት ስትስብ ከርማ፣ ሊያልቅላት ትንሽ ነው የቀራት።

“ታዲያ እንደኔ ቤት ናታ! ሰፈሩ ሁሉ ከሷ ይጭራል” አልኳት።

“ልክ እንደሱ እምዬ! ከአንቺ እንደሚጭሩት።”

ደስ አለኝ። ማሽኗን በሌላ ዓይን አየኋት። ዘመዴ መሰለችኝ።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ኢድሪስ ለጁምዓ ወጣ። ሠልጣኞቹ ምሳ ሄዱ። መቅደስን ደግሞ ገመድ ትውሰድ ብለው ዕቃ ግምጃ ቤት ጠሯት።

“እምዬ፣ እዚህ ተቀመጪ፣ መጣሁ። እናቲቱን ግን እንዳትነኪያት፣ በእመቤቴ።”

“ምን በወጣኝ!”

ብቻዬን ቀረሁ። ተያየን፣ እኔና እሷ። ሆዷ ተገልጦ፣ ንፋስ በቀጥታ እየመታት፣ ውስጧ ደግሞ ፍም ይመስል ቀይ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። ድምፅዋም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይጉረመረማል። ይችን ምስኪን ራቁቷን በንፋስ ፊት አስቀምጠው፣ አልኩ። እሳት እንዴት እንደሚጠበቅ እነዚህ የቆላ ልጆች ምን ያውቃሉ? የሚነፍስበት እሳት ቶሎ ነድዶ ያልቃል። ማሳደር የፈለገ ያዳፍናል።

መስኮቱን ዘጋሁ። ቬንትሌተሩን ወደ መጋረጃው አዞርኩት። ጋቢዬን አጥፌ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በጎኖቿም ጎስጉሼ አለበስኳት። አልነካኋትም እኮ! አለበስኳት እንጂ።

ከዚያ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ተቀመጥኩ። ቆይቶ የሆነ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ቆላ ሁሉ እንዲህ ይሸታል ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ እናቲቱ ጢጥ፣ ጢጥ አለችና ዝም አለች። ጉርምርምታው ጠፋ።

“እሰይ፣ ተኛች” አልኩ።

መቅደስ ገመዱን በትከሻዋ ጠምጥማ ስትገባ እየሳቀች ነበር። ሳቋ በሩ ላይ ቀረ። ገመዱን ጣለችና ሮጣ ጋቢዬን ገፈፈችው። እጇን ማሽኗ ላይ አሳርፋ ቶሎ አነሣች፤ ይፋጃል። ቬንትሌተሩን ዘወር ስታደርገው መጋረጃው ተጠምጥሞበት ሞተሩ ተቃጥሎ ኖሯል። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“ምን አደረግሁ?” አልኳት።

“ምንም እምዬ።”

“ንገሪኝ እንጂ!”

“ሙቀቱ የሚወጣበት አጥቶ ነው። ሲበዛባት ራሷን አጠፋች።”

ስትበርድ አስነሣቻት፤ ተነሣች። እኔም፣ “ይኸው ዳነች!” ብዬ እልል ልል ስል መቅደስ ራሷን ነቀነቀች። እናቲቱ የአዲሶቹን ፕሮግራሞች ዝርዝር ቀድማ ተቀብላ፣ ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ነው የጠፋችው። አሁን ልጆቿ ማሽኖች ዝርዝሩን አይተው “አለሽ” ብለው ይጠይቃሉ፤ ስትፈልግ የለም። መውሰድ ጀምረው የነበሩት ደግሞ ግማሹን ወስደው፣ ግማሹን አጥተው ተገትረዋል። ጠላ ጠምቄያለሁ ብላ ሰፈሩን ጠርታ ጋኗ ባዶ የሆነባትን ሴት አስቡት። ያቺን ሴት ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ይህን ስትነግረኝ ጋሽ ኢድሪስ ከስግደት ተመልሶ በር ላይ ቆሟል። መቅደስ ብድግ አለች።

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ትቻት መሄድ አልነበረብኝም።”

ጋሽ ኢድሪስ ማሽኗን አየ፣ የተቃጠለውን ቬንትሌተር አየ፣ መሬት የወደቀውን ጋቢ አየ፣ እኔን አየ። ይስደበኝ ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጋቢዬን አነሣና አራግፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

“ይልበሱት እማማ፤ ይበርድዎታል” አለኝ።

በዚያ ሙቀት! ለበስኩት። ለመቅደስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ለሰኞ ካልደረሰች በሲዲው እንመለሳለን፤ ሁለተኛ ይህን ነገር አታንሺብኝ” አላት። “እሺ ጋሼ” አለች። ያቺ “እሺ” የደስታን “እሺ እማማ” አስታወሰችኝ።

ማታ እቤት ስንገባ ዘይነባ የመቅደስን ፊት አይታ ጠየቀች። መቅደስ ነገሩን ስትነግራት እኔን አላነሣችኝም፤ “ቬንትሌተሩ ተቃጥሎብን” ብቻ አለች። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ዘይነባ አልሳቀችም። ወደ ሀያት ክፍል ገብታ ያንን ቬንትሌተር ነቅላ አመጣች።

“ኧረ አይሆንም!” አልኩ። “አራሷስ? ሕፃኑስ?”

“አራሷ ሰው አላት እማማ። ሰው የጠፋው ለማሽኗ ነው። ውሰጂ መቅዲ፣ ኢንሻ አላህ ይደርሳል።”

ቅዳሜ እኔ ከሀያት አልጋ አጠገብ ነበርኩ፣ ሰፌድ ይዤ። ጠዋት ጀመርኩ፣ ማራገብ ብቻ። አስቡት እንግዲህ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አራስን ከንፋስ ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን በገዛ እጄ ንፋስ እሠራለሁ። ሰፌዱን ባቆምኩ ቁጥር ሕፃኑ በላብ ተጠምቆ ይነጫነጫል፤ ስጀምር ዝም ይላል። አንገቱ ላይ ሙቀት ያወጣበት ሽፍታ አለ።

ሀያት ትራሷ ላይ ሆና ታየኛለች። “እማማ፣ ንፋስ እንዳይመታኝ” አለችኝ።

መልስ ፈለግኩ። እኔ መልስ የማጣ ሴት አይደለሁም። ግን የለም፤ ጋኑ ባዶ ነው። ሰፌዱን ማወዛወዝ ብቻ። እሷም መልስ እንዳጣሁ ስታይ ደነገጠችና፣ “ስቀልድ እኮ ነው፣ አፉ በሉኝ” አለች። ቀልድ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ስቀልድ የኖርኩት እኔ። በቀልድ እንዲህ እንደሚወጋ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ደስታም፣ ወርቄም።

መቅደስ ለምሳ አልመጣችም። ዘይነባ በሳህን ይዛላት ሄደች። “አብረን እንሂድ” አለችኝ፤ ያንን በር ለማየት አፈርኩ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ለማሽን ይጸለያል አይጸለይም አላውቅም፤ ቄሱን መጠየቅ አፈርኩና ዝም ብዬ ለእመቤቴ ነገርኳት። ከዚያ እግሬን እየጎተትኩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። መቅደስ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። የዘይነባ ቬንትሌተር እናቲቱ ሆድ ላይ ይነፍሳል። አጠገቡ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ጋሽ ኢድሪስ ተቀምጧል።

“ይግቡ እንጂ እማማ። አትነክስም።”

“የምነክሳትስ እኔ ነኝ” አልኩት። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዬ ቀልድ ነበር። እሱም ከልቡ ሳቀ። ወንበር አመጣልኝ፣ ከማሽኗ ራቅ አድርጎ። ደግሞ እንዳልነካት ፈርቶ መሰለኝ፤ አልፈረድኩበትም።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። እናቲቱ መሳብ ቀጠለች፣ መስመሩ ተቋረጠ፣ ተመለሰ። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል መቅደስ ነቃችና ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ተጠጋች። የሆነ ነገር ጻፈች፣ ጠበቀች።

“ጋሼ! እኩል ሆነች! ከሩቁ ጋር እኩል ናት!”

ከዚያ ልጆቹን አስነሣቻቸው። ያን ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ በየመስታወቱ ጽሑፉ ተከታትሎ እንደ ወንዝ ይወርዳል፣ ሁሉም ከእናቲቱ ይጭራሉ፣ የሷ ግን አይጎድልም። እሳት እንዲህ ነው፤ ቢጭሩት አያልቅም። እኔ ግን ስሰጥ እንደሚያልቅብኝ ስነጫነጭ ነው የኖርኩ። አንዷ ማሽን ብቻ፣ በሩ አጠገብ ያለችው፣ ዓርብ ግማሹን ወስዳ የቀረችው፣ አልነሣ አለች። መቅደስ ታገለቻት፣ አልሆነም።

ሰኞ መዛኞቹ መጡ። ሠልጣኞቹ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። አንዲት ልጅ ግን ማሽን ስላልደረሳት ውጪ ቀረች፤ ሌላው እስኪጨርስ ትጠብቃለች። በማሠልጠኛው ግቢ ካለ ዛፍ ሥር፣ እኔ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ከማጀቴ ከተማ ነው የመጣችው፤ ጣቶቿን ታሻሻለች።

“ምን ሆነሽ ነው ልጄ?”

“ያነበብኩት እየጠፋብኝ ነው እማማ። ከሌሎቹ ጋር ብገባ ይሻለኝ ነበር። የኔን ማሽን ሙቀት መቷት ነው አሉ።”

“ሙቀት አይደለም፤ ጋቢ ነው የመታት። ይኸው፣ ይህ ነው” አልኳትና አሳየኋት።

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። እውነት የምናገር ሴት አልመስልም፤ ያም የኔ ጥፋት ነው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሳቋን አቆመች። ቀጥላ ያለችኝ፣ “አይዞዎት” ነው። እሷ ለኔ! ጠርተዋት ስትገባ እዚያው ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት፤ ስትወጣ ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ጥርሷ እየታየ።

መዛኞቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ኢድሪስ የሲዲዎቹን ካርቶን ከመደርደሪያው አውርዶ ለመቅደስ ሰጣት። “ዕቃ ግምጃ ቤት መልሺልኝ” አላት። መቅደስ ካርቶኑን አቅፋ እንደ ሙሽራ ነው የሄደችው።

ማክሰኞ ተሳፈርኩ። ዘይነባ ማንጎና ማሾ አሸክማኝ፣ “ለሚቀጥለው ዓመት አራስ እናዘጋጅልዎታለን፤ ሰፌዱን እንዳይረሱ” ብላ ሸኘችኝ። ቬንትሌተሩ ወደ ሀያት ተመልሷል። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ራሴ ከፈትኩት። ደብረ ሲናን አልፈን ጉሙ ውስጥ ስንገባ ግን አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ፣ “እማማ፣ ዝጉት እንጂ፣ ንፋስ ሊያስመቱን ነው!” አሉኝ። ዘጋሁት። በልቤ ግን ሳቅሁ።

ቤት ስደርስ ደስታ በር ላይ ቆማለች፤ እጇን ከቀሚሷ ሥር ደብቃ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ምድጃውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ቤቱ ይበርዳል።

“እማማ…” አለች። “አዳፍኜው ነበር። በእግዜር አዳፍኜው ነበር።”

ስድቡን ስትጠብቅ አየኋት። ትከሻዋ ገና ሳልናገር ተሸማቅቋል። ስንት ዓመት እንዲህ ስትሸማቀቅ ነው እኔ ቀልድ ነው የምለው?

ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩና አለበስኳት። “ልበሺው፣ ይበርድሻል” አልኳት።

ከዚያ ከጓዳ ገል አንሥቼ ወጣሁ። ወርቄ በሯ ላይ ነበረች። እኔን አየች፣ እጄን አየች፣ ገሉን አየች። አፏን ልትከፍት ስትል ጠበቅኋት፤ ያሻትን እንድትለኝ፣ ይገባኛል። ወርቄ ግን ወደ ውስጥ ገብታ ምድጃዋን ገለጠችና ትልቁን ፍም፣ ሙሉ ቀይ የሆነውን፣ መርጣ ገሌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“ንፋስ እንዳያጠፋብሽ ሸፍነሽ ሂጂ” አለችኝ።

ሳልሸፍን ይዤው ሄድኩ፤ ንፋሱ እፍ ባለው ቁጥር ይበልጥ እየቀላ።